ዓሣ አለበት

ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሙያ የለኝ።
ብርኖ ከተማ፣ ትራም ባለፈ ቁጥር ጣሪያው በሚርደው ምድር ቤት፣
ወር በገባ በመጀመሪያው ሐሙስ፣ በማይሞቅ ማሞቂያ ፊት፣
የማንም ያልሆነ፣ የሁሉም የሆነ ስርዓተ ክወና ይዘን
እንሟገታለን፤ ደመወዝ የለን፣ አለቃ የለን።

የኅዳሩ አጀንዳ አጭር ነበር፤
«ሠላሳ ሁለት ቢት፦ ይኑር ወይስ ይቅር?»

ቦሁሚር ተነሣ፣ ጢሙ የዳቦ ፍርፋሪ እንደያዘ፣
ከጉንፋን ጋር እየታገለ፣ ድምፁ እንደተያዘ፤
«ዐሥራ ሁለት ሺህ መስመር ነው፤ የሚፈትሸው የለም፤
ማሽኑም ከሙዚየም በቀር የትም አይገኝም።
ቀዳዳ ስንጠግን መሸ፣ ቀዳዳ ስንጠግን ነጋ፤
ለሞተ ማሽን ዕድሜ የኛ ዕድሜ ነው ወይ ዋጋ?
እናውጣው።»

ክቬታ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለችና፣
«ምንጩ ክፍት ነው ብለን ስናውጅ ትናንትና፣
ማን እንደሚቀዳ፣ በምን እንደሚቀዳ አልጠየቅንም።
ዛሬ ማንን ቆጥረን ነው ‹የሚጠጣ የለም› የምንለው?»

«ስሜት ነው ይኼ!»
«ስሜት ካልሆነ፣ ሐሙስ ማታ እዚህ ምን ልትሠራ መጣህ?»
«ለብቻው ቅርንጫፍ ይሁን» አለ ራድሚል ከጥግ።
«ያላጠጡት ቅርንጫፍ ማገዶ ነው» አሉት፤ ዝም አለ።
ሁሉን ጻፍኩ። የሳልኩትን ሳል ብቻ አልጻፍኩም።

ከዚያ ክቬታ ከቦርሳዋ ደብዳቤ አወጣች፣
በእጅ የተጻፈ፣ ጠርዙ ውኃ የነካው፤ ቆማ አነበበች።

«ዛቪሽ እባላለሁ። በደቡብ ቦሔሚያ የካርፕ ኩሬ ጠባቂ ነኝ።
የኩሬውን በር ሌሊት የሚከፍተው ማሽን ነው፤ ሟቹ ወንድሜ ነው የገጠመልኝ፣
የእናንተን ሥራ ጭኖ። ሃያ ሁለት ዓመቱ፤ ከቁልፎቹ አራቱ ወልቀዋል።
ውኃ ሲሞላ ይከፍታል፣ ሲጎድል ይዘጋል፤
አንድም ሌሊት አልዋሸኝም።
ልታጠፉት ነው ሲሉ ሰማሁ። ቅሬታ የለኝም፤ ከፍዬ አልወሰድኩትም።
ቀኑን ብቻ ንገሩኝ፤
ከዚያ ሌሊት ጀምሮ እኔው ራሴ እነቃለሁ።»

ትራም አለፈ። ጣሪያው አቧራ ጣለ።
«ይሁን፤ ማን ይይዘዋል?» አለ ቦሁሚር። «ስም ጥሩ፤ አንድ ስም።»
ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው የተባለው ሎሚ
በመካከላችን ወደቀ፤ ጎንበስ ያለ የለም።
ክቬታ እንኳ ጫማዋን አየች፤ ሁለት ሕፃናት አሏት፣ የሌሊት ተረኛ ናት።

ድምፅ ተሰጠ። ዘጠኝ ለአራት። ይሰረዝ።
ጻፍኩት፤ ቀን አኖርኩበት፤ ፈረምኩ።

ቅዳሜ ቦሁሚር ባቡር ተሳፈረ፤ ማንም አላከው።
«ቀኑን በቃሌ ልንገረው፤ በደብዳቤ ነውር ነው» ብሎ ነበር የወጣው።
ምን እንዳየ አልነገረንም። የማውቀው ይህን ነው፦
ሰኞ ሲመለስ ቡትሱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር፣
በጋዜጣ የተጠቀለለ ዓሣም ይዞ፣
ዓሣ እንደማይበላ ሁላችን እያወቅን።

በታኅሣሡ ስብሰባ ተራው ደረሰ።
«ቀኑን አልነገርኩትም» አለ። ተቀመጠ።
«ለምን?» አልነው።
«ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ» አለ።
«እና?»
«እና ምን? ተከፈተ አልኳችሁ!»

ያ ውሳኔ በመዝገቤ እንዳለ አለ፤
አልተሻረም፤ አልተፈጸመም።
ቦሁሚርም ያንን ኮድ በየሐሙሱ ይራገመዋል፣
የጻፈውን ሰው፣ ያስተማረውን፣ ያስተማረውን ያስተማረውን፤
እየተራገመ ይጠግነዋል።

አንድ ቀን መስመሩን ልቆጥር ገብቼ፣
እሱ ከጻፋቸው ጥገናዎች በላይ፣ ማሽን በማያነበው ቦታ፣
ለሰው ብቻ የተተወች ማስታወሻ አየሁ፦

«አትሰርዙ። ዓሣ አለበት።»